ይድረስ ለወንድሜ

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ መቆየቴ ሲቆረቁረኝ ኖሯል። እናትህ ባረፉ ጊዜ እንኳ አላጽናናሁህም። ይቅር በለኝ።

ብዕር ያስነሣኝ ባለፈው ሳምንት ሻሸመኔ መውረዴ ነው። ተማሪ ሳለን ወደ ሐዋሳ ስንሄድ አውቶቡሱ ጃማይካ ሰፈር ሲደርስ፣ «እዚህ መጀመሪያ የመጣው ማን ነው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። «ራስታዎች ናቸው» አልኩህ። ተሳስቼ ነበር።

መጀመሪያ የሰፈሩት ባልና ሚስት ናቸው፤ ጄምስ ፓይፐርና ሄለን ፓይፐር። ትውልዳቸው ከካሪቢያኗ ሞንትሰራት ደሴት ሲሆን፣ ራስታ ሳይሆኑ የአይሁድን እምነት የሚከተሉ ጥቁሮች ነበሩ። መሬቱን፣ አምስት ጋሻውን ማለት 200 ሄክታር ያህል፣ የሰጡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከጎናችን ለቆሙት በውጭ ላሉ ጥቁሮች ውለታ። ያን ድጋፍ ያስተባበረውን ማኅበር ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1937 ኒው ዮርክ ላይ አቋቋሙ፤ በ1940 እዚያው አረፉ። የሀገራቸውን ነፃ መውጣት ሳያዩ መቅረታቸው እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፓይፐሮች የሰፈሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ኖኤል ዳየር የሚባለው ራስታ ከእንግሊዝ ተነሥቶ፣ ሰሜን አፍሪካን በየብስ አቋርጦ የደረሰው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። እስቲ አስበው፤ ዘመድ በሌለበት፣ ቋንቋው በማይታወቅበት አገር ጎጆ መቀለስ! ሰፈሩ በፓይፐሮች ስም አለመጠራቱ አይገርምህም?

አንድ የቆርቆሮ አጥር ሥር ቆሜ ነበር። አረንጓዴውን ዝናብ አጥቦት ቢጫው ብቻ ቀርቷል፤ በሩ ላይ የተሳለው አንበሳ አንድ ዓይኑን ምስማር በስቶታል። ጸጉሯን የገመደች ልጅ ብቅ አለችና «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፣ ዝናቡ ሊመታዎት ነው» አለችኝ፤ ጥርት ባለ አማርኛ። አያቷ ከጃማይካ የመጡ ናቸው። ከመሬታቸው አብዛኛው በየካቲት 1967 ዓ.ም.ቱ የመሬት አዋጅ ተወርሷል። እናቷ እዚሁ ተወልደው አድገው መታወቂያ ያገኙት ግን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 ከፈቀደ በኋላ ነው። ካርዱን ከመጽሐፍ ቅዱስ መሐል አውጥታ አሳየችኝ፤ በላስቲክ ጠቅልለውታል። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኳት።

ለመስቀል የምትመጣ ከሆነ ጻፍልኝ። ሐዋሳ ከመድረሳችን በፊት እዚያ እንወርዳለን።

ናፋቂህ ወንድምህ