ጥፋት የመሰለንን ከመቅጣታችን በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2000 ዓ.ም. ከወሰነ ወዲህ በየዓመቱ መጋቢት 24 ቀን የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ይታሰባል፤ በዚያ ሰሞንም ጋዜጦቻችን ከአእምሮ ዕድገት ጋር ስለተያያዘው ስለዚህ ሁኔታ ይጽፋሉ። ብዙውን ጊዜ የሚነሡት አዲስ አበባ ያሉት ማዕከላት ናቸው። ዛሬ በሕይወት የሌሉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሆነው ያዩትን ችግር ለራሳቸው ብቻ ሳይዙ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ማቋቋማቸው ለብዙ ቤተሰብ በር የከፈተ ሥራ በመሆኑ መነሣቱ ይገባል። ይሁን እንጂ እኔ በማስተምርበት በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ገጠር፣ እንዲህ ያለ ልጅ ከቤቱ ወጥቶ መጀመሪያ የሚገናኘው ከሐኪም ጋር ሳይሆን ከአንደኛ ክፍል መምህር ጋር ነው። ከ20 ዓመት በላይ በታችኛዎቹ ክፍሎች ያስተማርሁ እንደመሆኔ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው አለኝ።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የ7 ዓመት ልጅ ወደ ክፍሌ መጣ። ኅዳር ላይ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ አልብሶት በሚያድርበት ሰሞን፣ ልጁ እናቱ ከበግ ጠጉር የሠራችለትን ሹራብ ያወልቅና ወለሉ ላይ ይጥለዋል። አነሣና አለብሰዋለሁ፤ መልሶ ያወልቃል። በሦስተኛው ቀን እጆቹን ይዤ በግድ ሳለብሰው ጮኸ፣ እጄን ነከሰኝ፣ ከክፍል ወጥቶም ሮጠ። እኔም ልጁን በልቤ ባለጌ ብዬ እናቱን አስጠራሁ። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ «እትዬ፣ ጠጉሩ እየኮሰኮሰው እኮ ነው፤ ቤትም ቢሆን ከሥር ጥጥ ካላደረግሁለት አይለብሰውም» አለችኝ። በማግሥቱ ከሥሩ እጀ ሙሉ አሮጌ የጥጥ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፤ ሹራቡን ከዚያ በኋላ አላወለቀውም። ሦስት ቀን ሙሉ የታገልሁት ከጥጋብ ጋር መስሎኝ ነበር፤ የታገልሁት ግን ከሚቆጠቁጠው ቆዳው ጋር ነበር።

ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ድምፅን፣ ብርሃንን፣ የልብስን ንክኪ ከእኛ በተለየ መጠን ይሰሙታል፤ ለአንዱ ከልክ ያልፍበታል፣ ለሌላው ደግሞ ጨርሶ የማይሰማው እስኪመስል ይደርሳል። ስለዚህ ልጁ ሲጮኽ፣ ዕቃ ሲወረውር ወይም ሲሮጥ፣ መምህሩ ምን ልቅጣው ከማለቱ በፊት ከዚያች ደቂቃ ቀድሞ ምን እንደ ነበረ ይመልከት። ደወል ተደውሎ ነበር? መቀመጫው ተቀይሮበት ነበር? በአንድ ደብተር ላይ ሰዓቱንና ቀድሞ የሆነውን ለሁለት ሳምንት ያህል ቢመዘግብ፣ ድንገተኛ የመሰለው ነገር ምክንያት እንዳለው ራሱ ይደርስበታል። ይህ ወጪ የለውም፣ ሥልጠናም አያስጠብቅም።

ሌላው የአነጋገራችን ነገር ነው። አማርኛችን በዘይቤ የተሞላ ስለሆነ ሳናስበው እንናገራለን። አንድ ቀን «አፍህን ያዝ» ስለው ያው ልጅ በሁለት እጁ አፉን ይዞ ቆመ፤ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ያላገጠብኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ያልሁትን ነበር ያደረገው። «ውኃ ትፈልጋለህ?» ሲሉት «ውኃ ትፈልጋለህ» ብሎ ይመልሳል፤ እፈልጋለሁ ማለቱ ነው፣ የሰማውን ቃል እንዳለ መልሶ ለራሱ ይጠቀምበታል እንጂ ጠያቂውን አይቀልድበትም። ትእዛዛችን አጭርና ቀጥተኛ ይሁን፤ «ደብተርህን አውጣ» ካልን በኋላም ቃሉ እስኪደርሰው ዝም ብለን እንጠብቅ። «ዓይኔን እያየህ መልስ» የሚሉ መምህራንም አሉ። በእኛ አገር ልጅ በታላቅ ፊት ዓይኑን ሰበር ማድረጉ ጨዋነት ሆኖ ሳለ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ለሚያስጨንቀው ለዚህ ልጅ ለምን ግዴታ እንደምናደርግበት አይገባኝም።

የቀኑን ሥራ በሥዕል ማሳየትም ብዙ ይረዳል። እኔ በካርቶን ቁራጭ ላይ ሰንደቅ ዓላማ፣ መጽሐፍ፣ ኳስ፣ ቁጥርና ቤት ሥዬ በልብስ መቆንጠጫ ሲባጎ ላይ ሰቀልሁለት። አንዱ ሲያልቅ ራሱ ይገለብጠዋል፤ ለውጥ ካለ አስቀድሜ ካርዱን አዛውራለሁ። ከ60 የሚበልጡት ሌሎች ተማሪዎቼም ሲባጎውን እያዩ ቀጥሎ ምን እንደሆነ መጠየቅ ትተዋል።

ስለ ወላጆች ጥቂት ልበል። ሊዮ ካነር የተባሉት ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የ11 ልጆችን ሁኔታ ከገለጹ በኋላ፣ ለረዥም ዘመን የውጭዎቹ ሊቃውንት ራሳቸው ጥፋቱን በእናት ፍቅር ማጣት ላይ ጥለውት ነበር። ያ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑ ተረጋግጦ ቀርቷል፤ ኦቲዝም ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘ፣ የዘር ውርስ ከፍተኛ ድርሻ ያለው ነገር ነው። በእኛም ዘንድ እርግማን ነው፣ የእናት ኃጢአት ነው የሚል ሐሜት ልጆችን ጓዳ ያስቀራል። መምህሩ ይህን ለቤተሰቡ በትሕትና ያስረዳ እንጂ ጠበል የሚወስዱትን አይንቀፍ። አንድ ነገር ላይ ግን ዝም አይበል፦ በእነዚህ ልጆች ላይ የሚጥል በሽታ ከሌሎች ይልቅ ስለሚበዛ፣ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት በጠበል ምክንያት እንዳይቋረጥ አጥብቆ ይንገራቸው።

የአካቶ ትምህርት፣ ማለትም እንዲህ ያሉ ልጆችን ከእኩዮቻቸው ጋር በአንድ ክፍል ማስተማር፣ በወረቀት ላይ አለን። ልጁን መዝግቦ መቀመጫ መስጠት ግን ማስተማር አይደለም፤ መምህራንን የሚያሠለጥኑ ኮሌጆች ሠልጣኞቻቸውን እንዲህ ካለ ልጅ አጠገብ አስቀምጠው እንዲያለማምዱልን በጋዜጣችሁ በኩል እለምናለሁ።

ደወላችን ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ሲሆን፣ በብረት ሲመታ ልጁ ጠረጴዛ ሥር ይገባ ነበር። ዘበኛችንን «ጋሼ፣ ሊመቱ ሲሉ ምልክት ይስጡን» ብዬ ለመንኋቸው። አሁን ከመምታታቸው በፊት እጃቸውን ወደ መስኮታችን ያነሣሉ፤ ልጁም ጆሮዎቹን በመዳፉ ይዞ፣ ከመቀመጫው ሳይነሣ ይጠብቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት
ከመንዝ፣ ሰሜን ሸዋ