የጠፋብኝ ቡላ በሬ

ይድረስ ለውዷ እናቴ፤

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ባለፈው ተቆጥተሽ ስትዘጊው ግን አንድ ቃል በቅጡ ሳልናገር ቀረሁ። ደብዳቤ ደግሞ አይዘጋም፤ የእህቴ ልጅ እስከ መጨረሻው ታንብብልሽ።

ጎረቤታችን አልዋሸችም። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ሻንጣ አዝዬ ያየችው እኔኑ ነው። ከደጅሽ የሃያ ደቂቃ መንገድ ሲቀረኝ ወደ ሮብ ገበያ ከተማ የሚሄድ መኪና ተሳፈርኩ። ብታዝኚብኝ እውነትሽን ነው። ቤት ብገባ ግን ፊቴን አይተሽ ትጠይቂኛለሽ፤ እኔ ደግሞ የምመልሰው አልነበረኝም።

ከባለቤቴ አልተጣላሁም፤ ከሥራም አልተባረርኩም። ከመሄዴ በፊት በነበረው እሑድ ልጄ ውሃ ደፋ ብዬ ጮኽኩበት። ውሃ ነው እኮ፣ እማዬ፤ ወተት እንኳ አይደለም። አላለቀሰም። ጨርቅ አምጥቶ ወለሉን እየወለወለ ከሥር ከሥር ያየኝ ጀመር። እኔ አባባን እንደዚያ አይቼው አላውቅም። በማግስቱ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወሰድኩ።

ጮቄ ተራራ ላይ አራት ሌሊት አደርኩ። ድንኳኔን የተከልኩት ከገብሱ ማሳ በላይ፣ የአስታው ቁጥቋጦ ሳስቶ የጓሳ ሣርና የጅብራ ተክል ብቻ የሚቀርበት ቦታ ነው፤ ከፍታው ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል። ጠዋት የኮዳዬ ውሃ በረዶ ሆኖ ይጠብቀኛል። ጾም ስለሆነ የላክሽልኝን በሶ ጨብጬ እበላለሁ፤ ከዚያ ጅብራውን አያለሁ። ሲመሽ ቅጠሎቹን ወደ መሐል ሰብስቦ ለጋውን ከውርጭ ይሸፍናል፤ ፀሐይ ሲነካው ደግሞ ቀስ እያለ ይፈታል። ዕድሜውን ሙሉ ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ሁለት ጠዋት ከዚህ ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ብታዪኝ «ለዚህ ነው ያስተማርኩህ?» ባልሽ ነበር።

በሁለተኛው ቀን አንድ እረኛ መጣ፤ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። «ከብት ጠፍቶብህ ነው?» አለኝ። ጎጃም ውስጥ ብቻውን ተራራ ላይ የተገኘ ሰው ወይ መናኝ ነው፣ ወይ ከብት ጠፍቶበታል። መናኝ እንዳልሆንኩ ከጫማዬ ሳያውቅ አልቀረም። ማስረዳቱ ሰለቸኝና «አዎ፣ በሬ» አልኩት። ቀለሙን ሲጠይቀኝ «ቡላ» አልኩ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ እግሩ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመለሰ። «እስከ ታች ወንዙ ድረስ ወረድኩ፤ በሬህን ግን አላገኘሁትም» አለኝ።

እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። በሬ እንደሌለኝ ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ትንሽ አሰብ አደረገና «ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?» አለ። በሶውን ተካፍለን በላን እንጂ እስከ ዛሬም አልመለስኩለትም።

አንቺም በስልክ ይህንኑ ነበር የጠየቅሽኝ። ሱባዔ ነው ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር፤ ነገር ግን መጸለዬንም እንጃ። ግሽ ዓባይ ጠበል የሄድሽ ጊዜ ማንም «ምን ሆነች?» አላለም። እኔ ጠበልም ንስሐ አባትም ሳልጠቅስ ተራራ ስለወጣሁ ነው የታመምኩ የመሰለሽ።

አባባ ያረፈ ዓመት ትዝ ይልሻል? ሁለት ነጠላና አንድ ጋቢ ይዘሽ ጨሞጋ ወንዝ ትወርጂና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትመለሺ ነበር። አንድ ቀን ተከተልኩሽ። ልብሱ ታጥቦ ቁጥቋጦ ላይ ደርቋል። አንቺ እግርሽን ውሃው ውስጥ ነክረሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሻል። አልጠራሁሽም፤ ኮቴዬን አጥፍቼ ተመለስኩ። ማታ «ልብሱ በዝቶብኝ ዋልኩ» አልሽ፤ እኔም አመንኩሽ ለማለት ያህል ራሴን ነቀነቅሁ። ያ ጨሞጋ የሚነሣው ከዚያው ከጮቄ ነው።

ለገና ከልጁ ጋር እመጣለሁ። በሶውም አልቋል። ከመናኸሪያ በቀጥታ ወደ ቤት ነው፤ ጎረቤታችን እዚያ ካለች ትመስክር።

ልጅሽ