ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ አደራ፣ ችግኙን አታድኑት

ውድ ወላጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ልጆቻችሁ በዚህ ሳምንት የማንግሮቭ ችግኝ በኩባያ ይዘው ቤት ይመጣሉ። ማንግሮቭ በጨው ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያድግ ዛፍ ነው። ከጅዳ ወደ ቱወል ወይም ወደ ሹዓይባ የሄደ ሰው ባሕሩ ዳር አይቶታል። የአገሩ ሰው ሹራ ይለዋል።

የሳይንስ ክፍላችን ጥያቄ አጭር ነው። ችግኙ የሚስማማው የትኛው አፈርና ምን ያህል ጨው ነው? አንዳንዶቹ በአሸዋ፣ አንዳንዶቹ በጭቃ፣ ሌሎቹ ብስባሽ በገባበት አሸዋ ተክለዋል፤ የእነዚህ ውሃ አንድ ዓይነት ነው። የቀሩት ደግሞ አፈራቸው አንድ ሆኖ ውሃቸው ይለያያል፦ የቧንቧ ውሃ፣ ሩብ የባሕር ውሃ፣ ግማሽ፣ ሙሉ። ሁለቱን ባንዴ ብንቀያይር ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ማወቅ አንችልም።

አሁን ወደ አደራዬ ልምጣ። የቀይ ባሕር ውሃ በሊትር 40 ግራም ያህል ጨው አለው። በዚህ ሙቀት ውሃው ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። ግማሽ ብለን የጀመርነው ዝም ካልነው በቀናት ውስጥ ሙሉ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኩባያው ላይ በማርከር የተሰመረው መስመር ድረስ የጎደለውን ልጁ ራሱ በቧንቧ ውሃ ይሙላው። የባሕር ውሃ አይጨመርበት። ኩባያው ከታች አልተበሳም፤ ውሃ ቢያቁር ሥሩ ይበሰብሳል ብላችሁ አትስጉ።

ችግኙ ቢጠወልግ ማዳበሪያ አትጨምሩ፣ በሌላም አትተኩት። የልጃችሁ ተክል ሲደርቅ ማየት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን የደረቀ ችግኝም ውጤት ነው። «ደረቀ» ብሎ ቀኑን በደብተሩ የጻፈ ልጅ ማርኩ አይነካበትም። የተተካ ችግኝ ግን የክፍሉን ሁሉ ልፋት ያበላሻል።

ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ፤ የዚህ ዝርያ ችግኝ ብዙውን ጊዜ ከቧንቧ ውሃም ከሙሉ የባሕር ውሃም ይልቅ በመሃል ባለው ይፋፋል። ለልጆቹ አትንገሩብን፣ ራሳቸው ይድረሱበት።

ጠዋት ጠዋት አብራችኋቸው ቅጠሉን እዩት። ጨው በበዛበት ኩባያ ቅጠሉ ላይ ነጫጭ ፍንጣሪ ልታገኙ ትችላላችሁ። በጣት ነክታችሁ ብትቀምሱት ጨው ጨው ይላል። ዛፉ በሥሩ ያስገባውን ጨው በቅጠሉ ያስወጣል።

ስለ አፈሩ ሲጠይቋችሁ ከባሕሩ ማዶ ያለውን ታሪክ ንገሯቸው። ጎርደን ሳቶ የተባሉ አሜሪካዊ ሳይንቲስት በምጽዋ አካባቢ ማንግሮቩ የሚበቅለው የዝናብ ጎርፍ ወደ ባሕር በሚገባበት ቦታ መሆኑን አስተዋሉ። ጎርፉ የሚያመጣው ጨው የሌለበት ውሃ ብቻ አልነበረም፤ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ጭምር ነው። እነዚህን ለችግኞቹ እየሰጡ ምጽዋ አጠገብ ባለችው ሕርጊጎ መንደር ከዚያ በፊት ባዶ በነበረ ዳርቻ ከአካባቢው ሰዎች ጋር ብዙ ዛፍ አበቀሉ። ቅጠሉ የከብት መኖ ሆነ። የእኛ የብስባሽ ቡድን ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዛፉን በቦታው ለማየት እንሄዳለን። ልጆቹ ጭቃ ቢነካው የማያሳዝን አሮጌ ጫማ፣ ኮፍያና የሚጠጣ ውሃ ይያዙ። ቅርንጫፍም ፍሬም አይቆረጥም፤ ያለ ፈቃድ መቁረጥ እዚህ አገር በሕግ ያስቀጣል። ክፍያ የለውም። የፈቃድ ወረቀቱን ፈርማችሁ እስከ ሐሙስ ላኩልን፤ መኪና ያላችሁና አብራችሁን መምጣት የምትችሉም ወረቀቱ ላይ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር