ሲንጀርን ለምን ረሳችሁት?

ለዝግጅት ክፍሉ፦ ጤና ይስጥልኝ።

ዓለምን ስለለወጡ የአሜሪካ ነጋዴዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሱቄ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ኤዲሰን አለ፣ ፎርድ አለ፣ ስቲቭ ጆብስ አለ። ሲንጀር ግን የለም። ልብስ ሰፊ ነኝና ከፋኝ።

እዚህ ደሴ የስፌት መኪና ሁሉ ሲንጀር ነው የሚባለው፤ ቻይና ሠራሹም ጭምር። አይዛክ ሲንጀር የሰው ስም መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

እውነቱን ለመናገር መኪናውን ቀድሞ የፈጠረው እሱ አይደለም። ኤልያስ ሃው በ1846 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብቱን አስመዝግቧል፤ በኋላም ሲንጀርን ከሶ ረትቶታል። ሲንጀር በ1851 ያመጣው መርፌዋ ቀጥ ብላ ወደ ታች የምትወጋ፣ በእግር የምትሠራ መኪና ነው። እግር ሲረግጥ ሁለቱም እጅ ጨርቁን ይመራል። የአባቴ ጥቁር ሲንጀር አሁንም ሱቄ ውስጥ አለች። የወርቅ ቀለም ጌጧ ሌላው ቦታ ደህና ነው፤ የአባቴ ግራ እጅ ሲያርፍበት የኖረው ጋ ብቻ ተፍቆ ብረቱ ይታያል።

ለኔ ግን ትልቁን ነገር ያደረገው የሲንጀር ሸሪክ ኤድዋርድ ክላርክ ነው። ጠበቃ ነበር። መኪናዋ መቶ ዶላር ገደማ ስለምታወጣ ተራ ቤተሰብ አይደፍራትም። ክላርክ በ1856 መላ ዘየደ፤ ትንሽ ቅድሚያ ክፈሉና ውሰዱ፣ ቀሪውን እየሰፋችሁ በየወሩ አምጡ አለ። ተከፍሎ እስኪያልቅ መኪናዋ የድርጅቱ ናት። በዓመቱ ሽያጩ ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። አምና ለልጄ ኦቨርሎክ፣ የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመውን መኪና፣ ልገዛላት ብድር ጠየቅሁ። የቤት ካርታ አምጣ አሉኝ። እኔ ተከራይ ነኝ። መኪናው ራሱ መያዣ ይሁን ብላቸው አይሆንም አሉ። ተንቀሳቃሽ ንብረት በመያዣነት እንዲያገለግል የወጣ አዋጅ እኮ አለን፤ ቁጥር 1147/2011 ነው። ክላርክ ከመቶ ስልሳ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ያደረገውን እኛ ሕጉ እያለን ለምን ያቅተናል?

እባካችሁ ጋዜጠኛ መድቡና አበዳሪዎቹን ጠይቁልን። በዚህ አዋጅ የስፌት መኪና አስይዞ የተበደረ ሰው ካለም አግኙትና እንዴት እንደተሳካለት ጻፉልን። ልጄ እስከዚያው ጠርዙን በአያቷ ሲንጀር እየዘመዘመች ነው።

ልብስ ሰፊው፣ ከደሴ