ጎል ሲገባ ትንሽ ዝም በሉልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ጎል ሲገባ የሬዲዮ ዘጋቢዎቻችን ጩኸት የስታዲየሙን ድምፅ ይውጠዋል። ዶጀርስ የተባለውን የአሜሪካ ቡድን የቤዝቦል ጨዋታዎች እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 2016 ያስተላለፈው ቪን ስከሊ እንዲህ አልነበረም። በ1974 ጥቁሩ የአትላንታ ተጫዋች ሃንክ አሮን 715ኛውን ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጪ የሚጥል ምት) መትቶ የቀድሞውን ኮከብ የቤብ ሩትን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ስከሊ ማይክሮፎኑን ትቶ ዝም አለ፤ የአትላንታ ሕዝብ ይሰማ ብሎ። በአሜሪካ ደቡብ ለጥቁር ሰው ሕዝብ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ያነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ቡድኑ በ1958 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር፣ ተመልካቹ ሜዳ ገብቶም ትራንዚስተር ሬዲዮ ጆሮው ላይ ይለጥፍ ነበር። ዓይኑ ያየውን ከስከሊ አፍ ካልሰማ አይረካም! (የእኛውን ደምሴ ዳምጤን ያደመጠ ይገባዋል።) ጣቢያዎቻችን የ1974ቱን ቅጂ ለጀማሪዎች ቢያሰሟቸው ደስ ይለኛል።

አንድ አድማጭ፣ ከሎስ አንጀለስ