«ታይፎይድና ታይፈስ» የሚለው ወረቀት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው ይዞት የሚወጣውን ወረቀት አንባቢዎቻችሁ በደንብ ያውቁታል፤ «ታይፎይድና ታይፈስ» ይላል። ታይፎይድ በምግብና በውኃ፣ ታይፈስ በቅማልና በቁንጫ የሚመጡ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። እኛ ዘንድ ግን አብረው ይታዘዛሉ፣ አብረውም «ይገኛሉ»። በላቦራቶሪ ሙያ የምተዳደር ሰው ነኝና ስለ ሁለተኛው ጥቂት ልበል።

ታይፈስ ተብሎ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በዊል-ፊሊክስ ምርመራ ነው። አንድ ጠብታ ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) ሰሌዳ ላይ ይደረጋል፤ ፕሮቲየስ ከሚባል ባክቴሪያ የተዘጋጀ ፈሳሽ ይጨመርበትና ሰሌዳው በእጅ ይወዛወዛል። ከተጓጎለ «ፖዘቲቭ» ተባለ ማለት ነው። ፕሮቲየስ ግን የታይፈስ ተህዋስ አይደለም። ኤድመንድ ዊልና አርተር ፊሊክስ እ.ኤ.አ. በ1916 ያስተዋሉት የታይፈስ ሕመምተኞች ሴረም ይህን ባዕድ ባክቴሪያ እንደሚያጓጉል ነው። ለዚያ የጦርነት ዘመን ትልቅ ብልሃት ነበር። ዛሬ ግን የሽንት ቧንቧው በፕሮቲየስ የተጠቃ ሰው ፖዘቲቭ ሊሆን እንደሚችል፣ እውነተኛው የታይፈስ ሕመምተኛ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ኔጌቲቭ ሊሆን እንደሚችል እናውቃለን። አውቀንም እናዝዘዋለን።

«ዶክሲሳይክሊን (ለታይፈስ የሚታዘዘው አንቲባዮቲክ) የትኩሳቱን ተህዋሲያን ሁሉ ስለሚገድል ምን ልዩነት አለው?» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ልዩነቱ የሚታየው በሚያገረሽ ትኩሳት ላይ ነው። ይህን በሽታ የምታመጣው ቦሬሊያ ሬከረንቲስ የተባለች ባክቴሪያ በልብስ ቅማል ትተላለፋለች፤ ሰው ሲያክ ቅማሏን ይጨፈልቃታል፣ ተህዋሷም በተቧጠጠው ቆዳ ትገባለች። በደጋው ክረምት የቀን ሠራተኛውን፣ የጎዳና ልጆችን፣ የቆሎ ተማሪውንና እስረኛውን የምታጠቃው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ በተወሰደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተህዋሲያኑ በአንዴ ሲሞቱ ብርዱና ትኩሳቱ ይብሳል፤ የደም ግፊትም ሊያሽቆለቁል ይችላል። «ታይፈስ» ተብሎ ክኒኑን ይዞ ቤቱ የሄደ ሰው ይህ የሚደርስበት ማንም በማያየው ቦታ ነው።

ይህን በሽታ ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በጊምሳ ቀለም የተነከረ የደም ስላይድ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ቦሬሊያ በቀይ የደም ሴሎች መካከል እንደተጠማዘዘ ቀጭን ክር ሆና ትታያለች። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው አውሮፓ በደረሱ ወጣት ስደተኞች ላይ በሽታው ሲገኝ፣ በአንዳንዶቹ የተገለጠው ወባ ለመፈለግ በተዘጋጀ ስላይድ ላይ ነበር። እኛ ግን ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ከመጣ ወዲህ ማይክሮስኮፑን ሸፍነን ማስቀመጥ ጀምረናል። ፈጣኑ መመርመሪያ ለወባ ጥሩ ነው፤ ከወባ በቀር ግን ሌላ አያይም።

የመዥገሩ ነገር ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። የመዥገር ትኩሳት የምታመጣው ሪኬትሲያ አፍሪኬ የተባለች ባክቴሪያ ሙሉ ጂኖም (የዘር መረጃ) እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ከኢትዮጵያ ከብት ላይ ከተነሣ መዥገር በተገኘ ዝርያ ነው። የዓለም ሳይንስ በእኛ መዥገር ሲጠቀም፣ በዚያው መዥገር የተነከሰ አርብቶ አደራችን ጤና ጣቢያ ቢመጣ የሚያገኘው ያንኑ ወረቀት ነው።

ጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች ዊል-ፊሊክስን ከምርመራ ዝርዝር እንዲያወጡት፣ ታይፈስን በአስተማማኝ የአንቲቦዲ ምርመራ ወይም የተህዋሱን ዘረመል በሚፈልገው ፒሲአር የሚለዩ ማዕከላትን ቢያንስ በየክልሉ እንዲያደራጁ እጠይቃለሁ። ይህ በጀትና ጊዜ ይፈልጋል። የደም ስላይዱ ግን ነገ ጠዋት ሊጀመር ይችላል፤ ወባ ኔጌቲቭ የሆነ ትኩሳት ሁሉ ስላይድ ይታይለት። ሐኪሞችም ደሙ ትኩሳቱ ሳይበርድ እንዲቀዳ ይዘዙ፤ ከበረደ በኋላ ቦሬሊያ ከደም ውስጥ ስለምትሳሳ ስላይዱ ንጹሕ መስሎ ይታያል።

ከአክብሮት ጋር
የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር