እማዬ፣ «ለጉንፋን ብለሽ?» ላልሽኝ

ለምወድሽ እማዬ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሳሉ ለቆኛል፤ ሆዴ ውስጥ ያለውም እንደ ልማዱ ማታ ማታ ይራገጣል። በስልክ «ለጉንፋን ብለሽ ሆስፒታል ተኛሽ?» ስትዪኝ ሰው አጠገቤ ስለነበረ በቅጡ አልመለስኩልሽም። አሁን በጽሑፍ ያደረግኩት ደግሞ በስልክ ስታቋርጪኝ የምለው ስለሚጠፋኝ ነው። አትቆጪ፣ ታቋርጫለሽ።

የያዘኝ ኢንፍሉዌንዛ ነው። ጉንፋን አፍንጫ ያፈሳል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ሰው ሥራውን እየሠራ ያልፋል። ይሄኛው ግን ጠዋት ደህና የነበርኩትን ማታ አልጋ ላይ ጣለኝ፤ አጥንቴ ሁሉ ተቆረጣጠመ፣ ትኩሳቴ ከ39 አለፈ። ያም ሆኖ እርጉዝ ባልሆን ቤቴ ተኝቼ ይለቀኝ ነበር። ሆድ ሲገፋ ግን ማህፀን ሳንባን ከሥር ወደ ላይ ይጫነዋል፤ ሳንባ በመጠባበቂያ የሚይዘው አየር ያንሳል፣ ሰውነት የሚፈልገው ኦክስጅን ደግሞ በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ልብም ለሁለት ሰው ደም እየረጨች ነው። ሸክም ተሸክሞ ዳገት በጀመረ ሰው ላይ ሌላ ሸክም እንደ መጫን ነው፣ እማዬ።

ነርሷ ኦክስጅን የምትለካዋን ትንሽ መሣሪያ ጣቴ ላይ ቆነጠጠችልኝ፤ 93 አለች። ብዙም ያልወረደ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ነፍሰ ጡር ከ95 መውረድ እንደሌለባት፣ ልጁ የሚተነፍሰው በእኔ ደም በኩል እንደሆነ እየነገረችኝ ወዲያው ኦክስጅን አደረገችልኝ። ከዚያ የልጁን የልብ ምት ሲያዳምጡ በደቂቃ 175 ይመታል። የእኔ ትኩሳት ነው እንዲህ ያስሮጠው። ፓራሲታሞል ሰጥተውኝ ትኩሳቴ ሲበርድ የእሱም ልብ ቀስ እያለ ወደ 150 ወረደ። እዚያ ተኝቼ ቁጥሩን ሳይ ነው የገባኝ፦ ቫይረሱ ራሱ ልጁ ጋ አልደረሰም፤ ኢንፍሉዌንዛ የእንግዴ ልጁን አልፎ ፅንሱን የሚይዘው ከስንት አንዴ ነው። የሚጎዳው የእናቲቱ ትኩሳትና የኦክስጅን ማነስ ነው። ሲጠና ምጥ ያለጊዜው ይመጣል፣ ልጁ ክብደቱ አንሶ ይወለዳል፣ አንዳንዴም ማህፀን ውስጥ ይጠፋል። ኮቪድማ የእንግዴ ልጁን ራሱን የሚያቆስልበት ጊዜ አለ።

አጋነነች እንዳትዪኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 አዲስ ኢንፍሉዌንዛ በተነሣ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ነፍሰ ጡሮች ከሕዝቡ 1 በመቶ ያህል ነበሩ፤ በበሽታው ከሞቱት ውስጥ ግን 5 በመቶ ገደማ የሚሆኑት እነሱ ናቸው።

«ነፍሰ ጡር መድኃኒት አትውጥም» የምትዪውንም ተዪልኝ። ይህን የምልሽ በተለይ ለእህቴ ስል ነው። እሷ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ናት፤ የልጁ አእምሮና አከርካሪ የሚሠራበት ጊዜ ስለሆነ ከፍ ያለ ትኩሳት ዝም ተብሎ አይታለፍም። ካተኮሳት ፓራሲታሞል ትውሰድ፤ አይቡፕሮፌን ግን ሐኪም ሳያዝላት አትንካ። ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት ወይም ትኩሳቱ አልበርድ ካለ «ነገ ይሻልሻል» አትበያት፣ ሐኪም ጋ ትሂድ። ለእኔ የሰጡኝ ኦሴልታሚቪር የሚባለው መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ነው። የምርመራዬን ውጤት እንኳን አልጠበቁም፣ ወዲያው ነው ያስጀመሩኝ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ልጁ ሲወለድ መጥተሽ እንድታርሺኝ እፈልጋለሁ፤ ከአንቺ ሌላ ማንንም አልፈልግም። ግን አራስ ልጅ ስድስት ወር እስኪሞላው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አይሰጠውም። እስከዚያ ያለው መከላከያ እኔ ተከትቤ በእንግዴ ልጁ በኩል የማሳልፍለት፣ ኋላም በጡቴ የማጠባው ነው። ታምሜ ብድንም ሌላ ዓይነት ኢንፍሉዌንዛ ሊይዘኝ ስለሚችል ሐኪሜ መከተብ አይቀርልሽም ብላኛለች። አር ኤስ ቪ ለሚባለው፣ የሕፃናትን ሳንባ ለሚያፍነው ቫይረስም፣ በእርግዝና መጨረሻ አካባቢ ለእናት የሚሰጥ ክትባት አለ፤ ወረፋ ይዣለሁ። የቀረው እሱን የሚያቅፈው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ከመምጣትሽ በፊት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ተከተቢልኝ። ለእሱ ብቻም አይደለም፤ በአንቺ ዕድሜ ኢንፍሉዌንዛ ወደ ሳንባ ምች ለመዞር ጊዜ አይፈጅበትም። በመምጫሽ ሰሞን ካሳለሽ ወይም ካተኮሰሽ ጉዞውን እናዘገየዋለን። ከመጣሽ በኋላ ካመመሽ ደግሞ እስኪሻልሽ በሌላ ክፍል ትሆኛለሽ፣ እኔ ምግብሽን አመጣልሻለሁ። ደህና ሆነሽም ቢሆን ፊቱን አትሳሚው፤ እግሩን ሳሚው። የልጅ ልጇን እንዳትስም እናቷን የምትከለክል ልጅ ምን ዓይነት ናት ብለሽ እንደምትናደጂ አውቃለሁ። ተናደጂ፣ ግን እሺ በዪኝ። ለሌላው ጠያቂ ሁሉ ይህንኑ እላለሁ፤ ከአንቺ ከጀመርኩ ማንም አይቀየመኝም።

ክትባቱ በደንብ መሥራት የሚጀምረው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። የተከተብሽበትን ቀን ደውለሽ ንገሪኝና ትኬቱን ከዚያ ቆጥረን እንቆርጣለን።

ልጅሽ